የውሃ ሮኬት ቀን በድሬዳዋ ቆላ ሜዳ፦ ከጠርሙስ ምርጫ እስከ ጽዳት

ይህ መመሪያ ከ20 እስከ 60 ተማሪ ይዘው ሜዳ ለሚወጡ የትምህርት ቤት ሳይንስ ክበቦች ነው። ሮኬቱ የለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ የሚገፋውም ውሃና የታመቀ አየር። ቤት ውስጥ ነዳጅ ቀምሞ ሞተር መሥራት እዚህ ቦታ የለውም። ጣትና ዓይን ያሳጣል፤ በሕግም ያስጠይቃል።

የምንከተለው የሜዳ ሥርዓት ግን ከትልልቆቹ የተቀዳ ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ብላክ ሮክ በሚባለው በረሃ፣ አማተሮች ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሮኬቶች ያስወነጭፋሉ። ያ የደረቀ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,190 ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬዳዋም 1,200 ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ቅጥነት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እዚያ ሞተሮች በላቲን ፊደል ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከፊተኛው እጥፍ ጉልበት ይይዛል። ከፍተኛ ጉልበት የሚባለው ከስምንተኛው ፊደል ከ«ኤች» ይጀምራል፤ ለእሱ ሰው ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል፣ ለ«ኤም» 150፣ ለ«ኦ» 450። ነፋስ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ አይወነጨፍም፤ ሮኬቱ ከቀጥታው ሽቅብ ከ20 ዲግሪ በላይ አይዘምም። ጠርሙስ ይህን ሁሉ ርቀት አይጠይቅም። የሜዳ ቀን የሚበላሽበት ምክንያት ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው፦ ሰው መሆን የሌለበት ቦታ ሲገኝ።

ሜዳውና ፈቃዱ

150 በ150 ሜትር የሆነ፣ ቤት፣ መንገድ፣ የመብራት መስመርና ሐዲድ የሌለበት ገላጣ መሬት ፈልጉ። ከከተማው ወደ ሽንሌ አቅጣጫ ያለው ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ያለው መሬት የቱንም ያህል ሜዳማ ቢሆን አይሆንም፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚያልፍበት ነው።

ደቻቱን ጨምሮ የደረቁ ወንዞች አሸዋ ያጓጓል፦ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጠርሙስ ሲወድቅበት አይሰበርም። በዝናብ ወራት ግን አትግቡበት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ዝናቡ ደጋው ላይ ስለዘነበ ነው፤ ውሃው ሲደርስ ብዙ ሰው መሸሻ ጊዜ አላገኘም። በሐረር መንገድ ዳገቱ ላይ ካለው ከደንገጎ በላይ ያለው ሰማይ ከጠቆረ፣ የድሬ ሰማይ ጥርት ቢልም ከአሸዋው ውጡ።

ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ ከቀበሌውና ከአካባቢው ፖሊስ። ሽንሌ በኩል ከሆነ ሶማሌ ክልል ስለሆነ የዚያን አስተዳደር ትጠይቃላችሁ፤ ሶማሊኛ የሚናገር ሰው ይዛችሁ የአካባቢውን ሽማግሌዎችም አናግሩ። ይህን ለወግ ያህል አትዩት። ጠርሙስ ሲፈነዳ ድምፁ ልክ የጥይት ነው፤ ያልተነገረው ፖሊስ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፣ ያልተነገረው አርብቶ አደር ግመሎቹ ይበታተኑበታል። በማለዳ ከብት የሚያልፍበትን መስመር ጠይቃችሁ ማስወንጨፊያውን ከዚያ አርቁ። ከጠርሙስ የሚበልጥ ነገር ካሰባችሁ ደግሞ ጉዳዩ ከቀበሌ ይወጣል፤ ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ሳይያዝ አይነካም።

ወቅትና ሰዓት

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅም ቀዝቀዝ ያለም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሜዳ ድረሱ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ፣ 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ልካችሁ 5 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። መሬቱ ከጋለ በኋላ አቧራ እያዞረ የሚነሳው አውሎ ፓራሹቱን ይዞት ይሄዳል፤ ድሬም ቢሆን በዚያ ሰዓት በሯን ዘግታ የምታርፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለመጠጥ በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር ያዙ። ለሮኬት የሚሆነው ለብቻው ነው፦ አንድ ውርወራ 700 ሚሊ ሊትር ይበላል፣ ስለዚህ ለ50 ውርወራ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበቃል። ጥላ የሚሰጥ ሸራ፣ ኮፍያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አይረሳ። ነጠላ ጫማ ክልክል ነው። የግራርና የፕሮሶፒስ እሾህ ሶሉን አልፎ ይወጋል፤ ጠርሙስ ፍለጋ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ መሬት አያይም።

ጠርሙሱ

ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ብቻ። ሃይላንድ አይሆንም። ጋዝ ያለበት መጠጥ የሚታሸግበት ጠርሙስ ግፊት እንዲችል የተሠራ ነው፤ ታቹን ብታዩት አምስት እግር አለው። የውሃው ስስ ነው፣ ገና በትንሽ ግፊት ይቀደዳል። ስትገዙ ጠርሙሱን በፀሐይ እያዞራችሁ እዩት፦ ነጭ የታጠፈ መስመር፣ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለ ተዉት። ፕላስቲክ ሲታጠፍ የሚነጣው እዚያ ቦታ ላይ ስለተጎዳ ነው፤ ሲፈነዳም ከዚያ ይጀምራል።

ከሐረር የምትመጡ ክዳኑን አላልታችሁ ጫኑ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ጠርሙስ ደንገጎን ሲወርድ የውጪው አየር ይጫነውና ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ያ እጥፋት ነው ኋላ የሚነጣው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተዉት፤ ይህ ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ በድሬ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

እያንዳንዱ ጠርሙስ ከመብረሩ በፊት አንድ ጊዜ ይፈተናል። እስከ አፉ ውሃ ሙሉት፣ ማስወንጨፊያው ላይ ግጠሙት፣ ሁሉም ርቆ እያለ እስከ 7 ባር ንፉት፣ አንድ ደቂቃ አቆዩት። ውሃ ስለማይታመቅ ጉልበት አያከማችም፤ ቢቀደድም ጧ ብሎ ውሃ ይፈስሳል እንጂ አይወነጨፍም። ያለ ውሃ በአየር ብቻ መፈተን ግን ቦምብ መሥራት ነው።

ክንፍ፣ አፍንጫና ሚዛን

ክንፉን ግፊት በሚይዘው ጠርሙስ ላይ አትለጥፉ። ሌላ ተመሳሳይ ጠርሙስ መሐሉን በ12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ እንደ እጅጌ አልብሱት፤ ክንፎቹ እጅጌው ላይ ይሰፋሉ ወይም ይጣበቃሉ። ሱፐር ግሉ ፕላስቲኩን ያደርቀውና ያሰነጥቀዋል፤ የሚቀልጠው የሙጫ ዘንግ ደግሞ ሲቀባ ያኮማትረዋል፣ ሜዳ ላይ ሲግል ራሱ ይለቃል። እጅጌውና ጠርሙሱ የሚያያዙት በሰፊ ፕላስተር ነው።

ሦስት ወይም አራት ክንፍ ይበቃል። ማስታወቂያ ቤቶች የሚተርፋቸው ቀጭን የፕላስቲክ ሰሌዳ ጥሩ ነው፤ ካርቶን ከመጀመሪያው ውርወራ በኋላ ይበሰብሳል። ቆርቆሮ የተከለከለ ነው፤ የትም ቦታ፣ የትኛውም ክፍል ላይ ብረት አይገባም። አፍንጫው የሌላ ጠርሙስ አናት ነው፤ ጫፉ ላይ ግማሽ የቴኒስ ኳስ ወይም ስፖንጅ፣ ውስጡ ከ50 እስከ 100 ግራም የሸክላ ጭቃ። ድንጋይ፣ ሚስማርና ባትሪ አይገባም።

ሮኬቱ ቀጥ ብሎ የሚሄደው የክብደቱ ማዕከል ከአየሩ ግፊት ማዕከል (በበረራ ላይ ከውጪ የሚገፋው አየር ኃይሉ ከሚያርፍበት ነጥብ) ፊት ሲሆን ነው፤ በመሐላቸው ቢያንስ አንድ የጠርሙስ ውፍረት፣ ማለትም 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር። የክብደቱን ማዕከል ውሃ የሌለበትን ሮኬት በገመድ አንጠልጥላችሁ፣ አግድም የሚቆምበትን ነጥብ በመፈለግ ታገኙታላችሁ። ለአየሩ ግፊት ማዕከል የሮኬቱን ጥላ ካርቶን ላይ ሥላችሁ ቁረጡና የካርቶኑን ሚዛን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ፈልጉ። ከዚያ ገመዱን በክብደቱ ማዕከል አስራችሁ በራሳችሁ ላይ አሽከርክሩት፤ አፍንጫው ከቀደመ ይበራል፣ ከተገላበጠ ጭቃ ጨምሩ ወይም ክንፉን አስፉ። ይህን ያልተፈተነ ሮኬት 10 ሜትር ወጥቶ ዞሮ ወደ ተመልካቹ ይመጣል።

ፓራሹቱ

ያረጀ ጃንጥላ ጨርቅ ከፌስታል ይሻላል፤ ፌስታል ሲግል እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከ60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላነሰ፣ ስምንት ገመድ ያለው፣ የየገመዱ ርዝመት ከወርዱ የማያንስ። እንዲህ ያለው 200 ግራም ሮኬት በሰከንድ 4 ሜትር ከምናምን ያወርዳል። ስለዚህ ከ50 ሜትር ለመውረድ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሌላ 50 ሜትር ወደ ጎን ይወስደዋል። ይህን አስልታችሁ ነው ማስወንጨፊያውን ከሜዳው መሐል ወደ ነፋሱ መምጫ የምትገፉት። በብላክ ሮክ ከ3 ኪሎ ሜትር ከፍታ በትልቅ ፓራሹት የወረደ ሮኬት ኪሎ ሜትሮች ስለሚነዳ፣ ከላይ ትንሽ ፓራሹት፣ መሬት ሲቃረብ ትልቁን የሚለቅ መሣሪያ ይገጥማሉ። ለኛ ጠርሙስ ግን አንዱ ይበቃል፤ ከ15 በላይ ከነፈሰ ደግሞ ማቆም ነው።

ጨርቁን ሳታጠብቁ አጥፋችሁ ታልክ ነስንሱበትና አፍንጫው ውስጥ ክተቱት። አፍንጫው ጥብቅ መሆን የለበትም፦ ሮኬቱን ስትዘቀዝቁት በራሱ መውደቅ አለበት። ያልተከፈተ ፓራሹት ሁሉ ማለት ይቻላል ምክንያቱ ይሄው ነው፤ ጠዋት በልኩ የገባው አፍንጫ ፀሐይ ሲበረታ ተኮማትሮ ይይዛል።

ማስወንጨፊያው

ገንዘብና ጊዜ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ለ40 ልጅ ሁለት በቂ ናቸው። ታይዋንም ሆነ ቀፊራ አካባቢ ያሉ የግንባታ ዕቃ ሱቆች ስትሄዱ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስፈልገው፦

ግማሽ ኢንች ቧንቧ 40 ሳንቲ ሜትር፤ አንገቱ ውስጥ ሳይጨናነቅ የሚገባ፣ ግን የማይወላገድ። ከዚህ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትሩ ጠርሙሱ ውስጥ ይቆማል፣ ምክንያቱም ጠርሙሱ ሲገለበጥ ውሃው ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ስለሚቆም ቧንቧው ከውሃው በላይ መውጣት አለበት። ለአንገቱ ልክ የሆነ ኦሪንግ (የጎማ ማተሚያ ቀለበት)፤ ከላይና ከታች በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልላችሁ እንዳይንሸራተት አድርጉ። ስምንት ወይም አስር ኬብል ታይ፣ ራሳቸው ወደ ላይ ሆኖ ቧንቧውን ከበው በፋሼታ የሚታሰሩ፤ ራሶቹ የጠርሙሱን አንገት ቀለበት ከላይ ይነክሳሉ። በላያቸው ልክ የሚሆን አጭር ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ፤ ከፍ ሲል ነካሾቹን ይቆልፋል፣ በገመድ ወደ ታች ሲሳብ ይለቃል። የሚስበው ገመድ 15 ሜትር። የኮምፕረሰር ጎማ 8 ሜትር፤ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይፈነዳል። የካላማዳሪ ቫልቭ፣ ማንኛውም ጎሚስታ ዘንድ አለ፤ አየር ያስገባል እንጂ አይመልስም፣ ያለ እሱ ውሃው ወደ ፓምፑ ይመለሳል። የግፊት መለኪያና ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ ሁለቱም ፓምፑ አጠገብ ባለው የጎማው ጫፍ፣ ግን በካላማዳሪው ቫልቭና በጠርሙሱ መሐል። ቴፍሎን በየመጋጠሚያው።

ማስተንፈሻውን ብዙ ሰው ለመቆጠብ ሲል ይተወዋል። ሮኬቱ ያልለቀቀ ቀን ግን ሌላ መውጫ የላችሁም፦ 5 ባር የተነፋ ጠርሙስ አጠገብ ሄዶ በእጅ መነካካት ነው የሚቀረው፣ እሱ ደግሞ አይደረግም።

መሠረቱ ሰፊ ጣውላ ነው፤ አሸዋ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ የፌሮ ካስማ በአራት ማዕዘኑ ምቱት። አጭር ካስማ ገመዱ ሲሳብ ይነቀላል፣ ሮኬቱም አግድም ይሄዳል። የፌሮውን ጫፍ መሬት እኩል አድርሱት ወይም ጎማ አልብሱት፤ ሰው ይሰናከልበታል።

ፓምፑ መለኪያ ያለው የብስክሌት እግር ፓምፕ ይሁን። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ይዞ መምጣት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቂት ሰከንድ ከ8 ባር ያልፋል፣ ጠርሙስም ሰውም የሚያስቆመው የለም።

የሜዳው አቀማመጥ

ማስወንጨፊያዎቹ በ10 ሜትር ልዩነት። ከእነሱ 8 ሜትር ላይ ነፊው፣ መነጽር አድርጎ። 15 ሜትር ላይ ገመድ ሳቢው። 25 ሜትር ላይ፣ በነፋሱ መምጫ በኩል፣ የተወጠረ ገመድ፤ ተመልካች ከዚያ አያልፍም። የዝግጅት ጠረጴዛው ከገመዱ ኋላ ሌላ 10 ሜትር። ማስወንጨፊያው ከተመልካቹ ተቃራኒ በኩል ትንሽ ዘመም ይበል፤ አምስት ዲግሪ በቂ ነው።

አንድ ሰው የደህንነት ኃላፊ ይሁን፤ ያ ሰው ሮኬት አይሠራም፣ አይነፋም፣ ፎቶም አያነሳም። እሱ «ቁም» ካለ ርእሰ መምህሩም ቢሆን ይቆማል። እንግዳ ተጋብዞ ሰዓት ሲያልፍ የሚጣደፈው ሌላው ሁሉ ነው።

አወነጫጨፉ

1. ሮኬቱ ጠረጴዛው ላይ ይታያል፦ ነጭ መስመር፣ የሚወዛወዝ ክንፍ፣ የተጣበቀ አፍንጫ፣ ያልታሰረ ፓራሹት። ጠርሙሱ ላይ በማርከር የውርወራው ቁጥር ይጻፋል፤ አስር ከሞላ ይጣላል።

2. 650 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሲሶ፤ ሲገለበጥ ለሚፈስሰው 50 ጨምሩ። ውሃው ከበዛ አየሩ የሚገፋበት ቦታ ያጣል፣ ሮኬቱም ጎትቶት ይነሳል፤ ካነሰ አየሩ ምንም ሳይገፋ ያመልጣል።

3. ሁለት ሰው ብቻ ወደ ማስወንጨፊያው ይሄዳል። ኦሪንጉን በሳሙና ውሃ አርጥቡ፤ ግሪስ አሸዋ ይሰበስባል። ጠርሙሱን ገፍታችሁ ነካሾቹ ቀለበቱን መያዛቸውን አይታችሁ መቆለፊያውን ከፍ አድርጉ። ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

4. ሁለቱም ከተመለሱ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜም አይነፋም።

5. ነፊው ግፊቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፦ «ሁለት! ሦስት! አራት!» ለመጀመሪያ ውርወራ 4 ባር፣ በደንብ ለበረረ ሮኬት 5፤ ከዚያ በላይ የለም።

6. ኃላፊው ሰማዩን፣ ሜዳውንና የከብት መንገዱን ያያል። «አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ልቀቅ!» ሳቢው ገመዱን በአንድ ጊዜ፣ በኃይል ይስባል፤ ቀስ ብሎ የሳበ ግማሹን ነካሽ ብቻ ይለቅና ሮኬቱ ያጋድላል።

7. ፓራሹቱ ካልተከፈተ ሁሉም «ከላይ!» ይላል፤ ሁሉም ቆሞ ቀና ይላል። አይሮጥም፤ ሮጦ ጀርባውን የሰጠ ነው የሚመታው።

8. ሮኬቱ መሬት ከነካና ኃላፊው ከፈቀደ በኋላ ባለቤቱ ብቻ ይሄዳል። የመብራት ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ይቀራል፤ በእንጨትም አይነካም።

ካልለቀቀ 60 ሰከንድ ጠብቁ፣ አንዴ ብቻ ደግማችሁ ሳቡ፣ እምቢ ካለ ማስተንፈሻውን ከፍታችሁ መለኪያው ዜሮ እስኪሆን ቆዩ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በመቆለፊያውና በነካሾቹ መሐል የገባ አሸዋ ነው። ግፊቱ 2 ባር ላይ ቆሞ አልወጣ ካለ ኦሪንጉን እዩ፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረው ነጭ ኖራ ቧንቧውና ቫልቩ ላይም ይጋግራል፣ ማተሚያውን ሻካራ ያደርገዋል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ያስለቅቀዋል። ከሜዳ በፊት ሌሊቱን ነክራችሁ ብታሳድሩት ይመረጣል።

ከፍታውን መለካት

ፕሮትራክተር፣ ክር፣ ጫፉ ላይ ዳዶ፣ ከላይ የመጠጫ ቀሰም። ሁለት ልጆች ከማስወንጨፊያው 50 ሜትር ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በተለያየ አቅጣጫ ይቁሙ። ሮኬቱ ጫፍ ላይ ሲቆም በቀሰሙ አይተው ክሩን በጣት ይያዙት፤ ክሩ ከ90 የራቀበት ዲግሪ አንግሉ ነው። ለ50 ሜትር ርቀት፦ 30 ዲግሪ 29 ሜትር፣ 40 ዲግሪ 42፣ 45 ዲግሪ 50፣ 50 ዲግሪ 60፣ 55 ዲግሪ 71። ያገኙት ላይ የዓይናቸውን ቁመት ይጨምሩ። የሁለቱ ልጆች ውጤት በጣም ከተራራቀ ሮኬቱ ወደ አንዱ አዘንብሏል ማለት ነው፤ ያንን ውርወራ ከውድድሩ አውጡት፣ አማካይ መውሰድ አያድነውም። በደንብ የተሠራ ተራ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሜትር ይወጣል፤ 90 የሚል ልጅ ካለ ዲግሪውን ከላይኛው መስመር አንብቦታል።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ውርወራ ውሃው፣ ግፊቱ፣ የባዶ ሮኬቱ ክብደት፣ ሁለቱ አንግሎችና ነፋሱ ይጻፍ። አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስወነጨፉ ክበቦች ከምሽቱ በፊት ግራፍ ይኖራቸዋል፤ ሁሉንም በአንዴ የቀየረ ምንም አያውቅም።

ጽዳት

የተቆረጠ ኬብል ታይ፣ የፕላስተር ቁራጭና የፓራሹት ክር ፍየልና ግመል ይበሉታል፤ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድላል። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ ተሰልፎ በክንድ ርቀት ሜዳውን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይሂድ፣ የተገኘው በማዳበሪያ ከረጢት ይመለስ። የካስማ ጉድጓዶች ይደፈኑ፤ የሌላው ዓመት ፈቃድ ቀበሌው ዘንድ የሚጠናው በዚህ ነው። ጠርሙሶቹን ቤት ስትደርሱ ክዳናቸውን ከፍታችሁ፣ ዘቅዝቃችሁ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁ፤ ኦሪንጉንም ከቧንቧው አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ ተወጥሮ የከረመ ኦሪንግ ለቀጣዩ ጊዜ አያትምም።